ለልጅ ሰርግ የተቀመጠ ወይን፦ እስከ መቼ ይቆያል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«የምኖረው ሱሉልታ ነው። ወንድሜ በ2001 ዓ.ም ከፈረንሳይ ሲመጣ አራት ጠርሙስ ቀይ ወይን አምጥቶ ‹ለልጅሽ ሰርግ ይሁን፤ ወይን ሲቆይ ነው የሚጥመው› ብሎ ሰጠኝ። ጠርሙሱ ላይ ኦ-ሜዶክ፣ 2005 ይላል። ልጄ የተወለደችው ጥቅምት 1998 ነው። በሚቀጥለው ጥቅምት 21 ዓመት ይሞላታል። ሰርጉ ገና ነው። ጠርሙሶቹ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ካርቶኑ ስለተቀደደ ሁለቱ ቆመው፣ ሁለቱ ተኝተው ነው የከረሙት። ሰሞኑን ሳያቸው ከተኙት የአንዱ ቡሽ ትንሽ ወደ ውጭ ወጥቷል። አንገቱ ላይም የደረቀ ቀይ ነገር አለ። ሆዱ ላይ ደግሞ ጥቁር ነገር ተጣብቋል። ባለቤቴ ፍሪጅ ይግባ ይላል። ጎረቤቴ መሬት ቆፍረሽ ቅበሪው ትላለች። ተበላሽቶ ይሆን? እንዴት ላቆየው? ሲከፈትስ እንዴት ነው የሚቀመሰው?»

ጠርሙሱ ላይ ካለው ቁጥር ልጀምር። 2005 ወይኑ የታሸገበት ዓመት አይደለም። ፍሬው ከተክሉ ላይ የተለቀመበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ወይኑ በመጣበት በሜዶክ፣ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ቀይ ወይን የሚለቀመው በእኛ መስከረም ገደማ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ወይን የመስከረም 1998 ፍሬ ነው። ልጅዎ ጥቅምት ላይ ስትወለድ ይህ ወይን ገና ጋን ውስጥ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ወይን አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት በላይ በኦክ በርሜል ይከርማል፤ ጠርሙስ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድምዎ አስበውበት ከሆነ የመረጡት በትክክል ነው። ወይኑ የልጅቱ እኩያ ነው።

«ሲቆይ ነው የሚጥመው» ያሉት ግን መታረም አለበት። ይህ አባባል በየቤቱ ብዙ ጠርሙስ አበላሽቷል። በዓለም ላይ የሚጠመቀው ወይን አብዛኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ተብሎ የተሠራ ነው። ቢያቆዩት አይሻሻልም፤ ይደክማል። እዚህ ሀገር ለበዓል የምንገዛቸው ወይኖች፣ ጉደርም ሆነ አክሱሚት፣ ተገዝተው የሚጠጡ ናቸው። ቁም ሳጥን ላይ አሥር ዓመት ማሳደር ምንም አይጨምርላቸውም።

ይህን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ለገጣፎ ቤት ሠርቼ ስገባ አንድ የጣሊያን ኪያንቲ ነበረኝ። የወይን ሙያ ያስተማረኝ ሰው ነው የሰጠኝ። ውድ ወይን አልነበረም። እኔ ግን ለልጄ ምርቃት ብዬ 14 ዓመት አቆየሁት። ስከፍተው መልኩ የቀጠነ ሻይ ሆኗል። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ አቼቶ ሸተተኝ። ያን ቀን ያዘንኩት ለወይኑ ብቻ አይደለም። ሰውየው እንድጠጣው ነበር የሰጠኝ። ስለዚህ ለእርስዎ የምጽፈውን እያንዳንዱን ነገር ያን ጠርሙስ እያሰብኩ ነው የምጽፈው።

የእርስዎ ወይን ከኪያንቲዬ የተሻለ ዕድል አለው። ኦ-ሜዶክ ከቦርዶ ከተማ በስተሰሜን ያለ አካባቢ ነው። እዚያ ቀይ ወይን በአብዛኛው የሚሠራው ካበርኔ ሶቪኞን እና ሜርሎ ከሚባሉ የወይን ዘሮች ነው። ካበርኔ ልጣጩ ወፍራም ነው፤ ታኒን የሚባለው ነገር በብዛት አለው። ታኒን ከፍሬው ልጣጭና ዘር፣ ከበርሜሉም እንጨት ይወጣል። ስኳር የሌለው፣ ብዙ የፈላ ሻይ ሲጠጡ ድድ የሚይዘው፣ ምላስ የሚያደርቀው እሱ ነው። ወጣት የቦርዶ ወይን በዚህ የተነሳ አፍ ውስጥ ሸካራ ነው። 2005 ደግሞ በቦርዶ ደረቅና ሞቃት ዓመት ነበር፤ የወይን ሰዎች በአክብሮት ከሚያነሷቸው ዓመታት አንዱ ነው። የዚያ ዓመት ወይን ታኒኑ ጠንካራ ስለሆነ ዕድሜ ይችላል።

ዕድሜ የሚሠራው ሥራ ይህን ሸካራነት ማለስለስ ነው። ታኒኑና የወይኑ ቀለም ቀስ እያሉ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሲያያዙ ይተልቃሉ፣ ይከብዳሉ፣ በመጨረሻም ወደ ታች ይወርዳሉ። ጠርሙሱ ሆድ ላይ የተጣበቀው ጥቁር ነገር ይህ ነው። አተላ ነው። ኬሚካል አይደለም፣ የመበላሸት ምልክትም አይደለም። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው አተላ አያስደነግጠውም፤ ብርጭቆ ውስጥ አይግባ እንጂ እዚያው ቢተኛ ችግር የለውም። እንዲያውም 20 ዓመት የሆነው የሜዶክ ወይን አተላ ከሌለው ነው የምጠራጠረው።

አተላው ሲወርድ ቀለሙም ይሳሳል። ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያደላው ጥቁር ቀይ ወደ ጡብ መልክ ይሄዳል። የትኩስ ፍሬ ሽታው ይቀንሳል። በቦታው የደረቀ ፕሪም፣ የትምባሆ ቅጠል፣ የቆዳ፣ የእርሻ አፈር ሽታ ይመጣል። አሮጌ ወይን የሚወደደው ለዚህ ነው። ይህ ጉዞ ግን ጫፍ አለው። ጫፉ ላይ ከደረሰ በኋላ ፍሬው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው ኮምጣጣነትና ደረቅ አፍ ነው። በደንብ የተያዘ የ2005 ኦ-ሜዶክ በዚህ ዕድሜው መልካም ሁኔታ ላይ ሊገኝ ይችላል። ከዚህ በላይ ግን ሽቅብ አይወጣም። በደንብ ካልተያዘ ደግሞ ጫፉን ካለፈ ቆይቷል።

ዋናው ጥያቄ እንግዲህ አያያዙ ነው። ሰርቪስ ቤቱ ያሳስበኛል።

«ሱሉልታ ብርድ ነው፤ ወይን ብርድ ይወዳል» ብለው አስበው ይሆናል። ብርዱ ጥሩ ነው። ጠላቱ መለዋወጡ ነው። ሰርቪስ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ኮርኒስ የለውም፣ ቆርቆሮው ባዶውን ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው እጅ አያስነካም። ምጣዱ እዚያው ከሆነ ደግሞ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ሌላ ሙቀት ይጨመራል። ወይኑ ይህን ሁሉ ዓመት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ኖሯል ማለት ነው።

ሙቀቱ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛው እርጅናውን ያፈጥነዋል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ብዙ የኬሚካል ለውጦች በእጥፍ ገደማ ይፈጥናሉ። ሁለተኛው ወይኑን ያሰፋዋል። የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ15 ዲግሪ ወደ 30 ሲሞቅ ወይኑ በ3 ሚሊ ሊትር ያህል ይሰፋል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከቡሹ በታች ያለው ክፍት ቦታ ራሱ ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። አየሩ ይጨመቃል፣ ቡሹን ይገፋል፣ ጠርሙሱ የተኛ ከሆነ ወይኑ በቡሹ ጎን ሾልኮ ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ ወይኑ ይሰበሰባል፤ በሾለከው ምትክ የውጭ አየር ይገባል። አየር የገባበት ወይን ዕድሜው አጭር ነው።

በእኛ አካባቢ ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሜዶክ ከባህር ወለል እምብዛም ከፍ አይልም። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባህር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የታሸገ ቺፕስ ከቆላ ወደ ደጋ ሲመጣ ላስቲኩ እንዴት እንደሚነፋ አይተው ያውቃሉ። ጠርሙሱም ውስጥ ያው ግፊት አለ፤ መስታወቱ ስለማይለጠጥ የሚሸከመው ቡሹ ነው። ጤነኛ ቡሽ ይህን ይችለዋል። ደጋውና የቆርቆሮው ሙቀት ሲደራረቡበት ግን ደካማው ቡሽ ይሸነፋል። የእርስዎ አንዱ ጠርሙስ የሆነው ይህ ይመስለኛል።

ቆመው የከረሙት ሁለቱ ስላልፈሰሱ ዳኑ ማለት አይደለም። ጠርሙስ የሚተኛው ቡሹን ወይን እንዲነካው ነው። ለዓመታት ቆሞ የኖረ ጠርሙስ ቡሹ ሊደርቅና ሊሰበሰብ ይችላል፤ የበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ያግዘዋል። ስለዚህ አራቱንም ዛሬ አንሥተው በመስኮት ብርሃን ይዩዋቸው። ወይኑ አንገቱ ውስጥ ከሆነ ደስ ይበልዎ። አንገቱ ከትከሻው ጋር የሚገናኝበት ላይ ከሆነ ለ20 ዓመት ደህና ነው። ከትከሻው መሐል በታች ከወረደ አየር ገብቶበታል፤ ያንን ጠርሙስ ለማንም ሰርግ አያስቡት።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ሐሳብ። ፍሪጅ ለሁለት ሦስት ሳምንት አይጎዳም። ለዓመታት ግን አይሆንም። 4 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ለወይን በጣም ይቀዘቅዛል። አየሩ ደረቅ ነው። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ያንቀጠቅጣል። መብራት ሲጠፋ ይሞቃል፣ ሲመጣ ይቀዘቅዛል። የቅቤና የበርበሬ ሽታም አለ። ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ በፍጹም አያስገቡት፤ ወይን ሲረጋ ይሰፋል፣ ቡሹን ያወጣዋል፣ ሲብስም ጠርሙሱን ይሰነጥቃል። ለወይን ብቻ ተብሎ የተሠራ ትንሽ ፍሪጅ ይሸጣል። ለአራት ጠርሙስ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አልመክርም።

ጎረቤትዎ ያሉት ከንቱ አይደለም። ሁለት ሦስት ሜትር ወርደው ቢቆፍሩ የአፈሩ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይቀየርም፤ የአካባቢውን የዓመት አማካይ ይይዛል። የአዲስ አበባ አማካይ 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሱሉልታ ከዚያም ይቀዘቅዛል። ለወይን ማቆያ የሚመረጠው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ስለሆነ ከመሬታችን ሙቀት ብዙም አይርቅም። ፈረንሳዮች ወይን ቤታቸውን ከመሬት በታች የሚሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የሱሉልታ ሜዳ ግን መረሬ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ጉድጓዱም ይሞላል። በጋ ላይ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የቀበሩት ጠርሙስ ወይ ይዋኛል፣ ወይ አፈሩ ይጨፈልቀዋል። በግንብ የተሠራ ምድር ቤት ከሌለዎት መቅበሩን ይተዉት።

የሚሻለው ቀላል ነው። በዋናው ቤት ውስጥ ፀሐይ የማያገኘው ክፍል ይፈልጉ። በጋ ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ይቀዘቅዛል። ኮርኒስ ያለው፣ ከኩሽና የራቀ፣ የውሃ ፓምፕ የማይንቀጠቀጥበት ይሁን። የቁም ሳጥኑ የታችኛው ክፍል፣ ሊሾው አጠገብ፣ በጣም ጥሩ ቦታ ነው። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልለው አዲስ ካርቶን ውስጥ ያስተኙ። አተላው ያረፈበት ጎን ወደ ታች ይሁን። በካርቶኑ ዙሪያ ውሃ የተሞሉ አራት አምስት ትላልቅ ሃይላንዶች ይደርድሩ። ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ የቀንና የሌሊቱን ልዩነት ይሸከምልዎታል። ከዚያ በላዩ ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጣል ያድርጉ። ናፍታሊን ያለበት ቁም ሳጥን ግን አይሁን።

ቦታው ጥሩ መሆኑን በግምት አይወስኑ። አንድ ባዶ ጠርሙስ ውሃ ይሙሉና እዚያው ያሳድሩ። ቴርሞሜትር ገዝተው የውሃውን ሙቀት ጠዋት 12 ሰዓት ላይና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ይለኩ። የአየሩ ሙቀት ያሳስታል፤ ወይኑ የሚሰማው የፈሳሹን ነው። ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ ካልበለጠና ከ18 ካላለፈ ቦታዎን አግኝተዋል። ሁልጊዜ 18 ዲግሪ ላይ የሚኖር ወይን፣ አንዴ 12 አንዴ 24 ከሚሆነው በእጅጉ ይሻላል። ቀድሞ የሠራሁበት አንድ ሆቴል የወይን መጋዘኑ ግድግዳ ከሙቅ ውሃ ቱቦ ጋር የተያያዘ ነበር። ክፍሉ ሲገባበት አይሞቅም። ከግድግዳው አጠገብ የተደረደሩት ጠርሙሶች ግን አንድ በአንድ ሲከፈቱ የማርማላታ ሽታ ነበራቸው። በሌላው ጎን የነበሩት ምንም አልሆኑም። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሜትር እንኳ ልዩነት ያመጣል።

ይህን ሁሉ ቢያደርጉም ያለፉትን ዓመታት አይመልሱም። ወይኑ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚታወቀው በመክፈት ብቻ ነው። ስለዚህ ቡሹ የወጣውን ጠርሙስ በዚህ ወር ውስጥ ይክፈቱት። እሱ ሊጠበቅ አይችልም።

ከመክፈትዎ ሁለት ቀን በፊት ጠርሙሱን ቀስ ብለው ያቁሙት። አተላው ወደ ታች ይወርዳል። የሚጠጣበት ሙቀት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። የሱሉልታ ሳሎን ማታ ማታ ያው ነው፤ ፍሪጅም ምድጃም አያስፈልገውም። በዚያ ቀን ቤት ውስጥ እጣን አይጨስ፣ ከሰል አይያያዝ። ቡናው ከወይኑ በኋላ ይድረስ። ሽቶም አይቀቡ። ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት፤ የሳሙና ሽታ የ20 ዓመት ወይን ያጠፋል። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይምረጡ። ብርሌ አፏ ጠባብ የሆነችው የጠጁን መዓዛ እንድትይዝ ነው ይባላል፤ እዚህም የሚፈለገው ያው ነው። ግን ብርጭቆው ከሲሶ በላይ አይሞላ።

ቡሹን የሸፈነውን ልባጥ ቆርጠው አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ሻጋታ ቢያዩ አይደንግጡ፣ ከውጭ ነው። መክፈቻውን መሐል ላይ ተክለው ቀስ እያሉ ያዙሩ፣ ቀስ ብለው ይሳቡ። አሮጌ ቡሽ ይሰበራል፤ ከተሰበረ መክፈቻውን በሰያፍ አስገብተው ቀሪውን ይሞክሩ። እምቢ ካለ ወደ ውስጥ ይግፉትና ወይኑን ሽታ በሌለው ንጹሕ ሻሽ ያጥልሉት። ምንም አይሆንም።

ከዚያ ወደ ንጹሕ ማንቆርቆሪያ ወይም ሰፊ ጠርሙስ መገልበጥ ነው። ጧፍ ያብሩ፤ የስልክ መብራትም ይሆናል። ብርሃኑ ከጠርሙሱ አንገት ጀርባ ይሁን። አንዴ መቅዳት ከጀመሩ እጅዎን አይመልሱ፤ ጠርሙሱ ወደ ኋላ ባለ ቁጥር አተላው ይናጣል። በብርሃኑ ላይ ወይኑ ጥርት ብሎ ሲወርድ ያዩታል። ድንገት እንደ ጭስ ያለ ጥቁር ክር አንገቱ ላይ ሲመጣ ያቁሙ። ሁለት ጣት ያህል ወይን ከነአተላው ይቀራል። ይቅር። «ወይን ተከፍቶ ሰዓታት መተንፈስ አለበት» የሚባለው ለወጣትና ለሸካራ ወይን ነው። አሮጌው ከአየር ጋር ብዙ አይቆይም። ወዲያው ይቅመሱት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት እየጠበቁ ደግመው ይቅመሱት። ሲከፈት ዝም ያለ ወይን ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲናገር አይቻለሁ፤ በሰዓት ውስጥ ሲጠፋም አይቻለሁ።

አንድ ነገር አብረው ያድርጉ። ዝዋይ የሚመረተውን የሪፍት ቫሊ ካበርኔ ሶቪኞን አንድ ጠርሙስ ይግዙ። ያው የወይን ዘር ነው፣ ወጣት ነው። ጎን ለጎን ይቅዱዋቸው። አሮጌ ወይን ቀምሶ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም። ያለበለዚያ የአሮጌውን ጣዕም «ተበላሽቷል» ብለው ሊደፉት ይችላሉ፤ እንዲህ የተደፋ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ አጋድለው ጠርዙን ይዩ። ወጣቱ እስከ ጠርዙ ጥቁር ቀይ ነው። የእርስዎ መሐሉ ቀይ ሆኖ ጠርዙ የጡብ መልክ ካለው ደህና ነው። መሐሉም ጠርዙም ቡናማ ከሆነ አልፎበታል። ቀጥሎ ሳይነቀንቁ ያሽቱት። ከዚያ ብርጭቆውን አንድ ሁለቴ ብቻ ያዙሩና ደግመው ያሽቱ። ጥሩ ከሆነ የሚመጣልዎትን ልንገርዎ፦ የደረቀ ፕሪም፤ ሲቀረጽ የሚሸት እርሳስ፤ ያረጀ ቆዳ፤ ሐምሌ ላይ እንጦጦ ጫካ ሲገቡ የሚሸተው እርጥብ ቅጠልና እንጉዳይ። ይህን የመጨረሻውን ስንቱ ሰው «አፈር አፈር ይላል» ብሎ ጠላው። ጉድለት አይደለም። የዕድሜ ሽታ ነው።

ጉድለት የሚባሉት ሌሎች ናቸው። በዝናብ የራሰ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ በክሎታል፤ ይህ በእርስዎ አያያዝ የመጣ አይደለም፣ ሰው አይጎዳም፣ ግን አይድንም። የተቀቀለ ፍሬና ማርማላታ ከሸተተ ሙቀት አብስሎታል። ተቆርጦ የዋለ ፖም ወይም አቼቶ ከሸተተ አየር ገብቶበታል። ሲጎነጩ ደግሞ ወዲያው አይዋጡት። አፍዎ ውስጥ ያንሸራሽሩት። ታኒኑ እንደ ወጣቱ ድድ መያዙን ትቶ ልስልስ ብሎ ከሄደ፣ ከዋጡት በኋላም ጣዕሙ ለአሥር አሥራ አምስት ሰከንድ ከቆየ፣ ወይኑ በሕይወት አለ።

ምግቡ አብሮ ይታሰብበት። ዶሮ ወጥና አዋዜ ለዚህ ወይን አይሆኑም። በርበሬው ታኒኑን ያመርረዋል፣ አልኮሉን ያቃጥለዋል፣ ያን ሁሉ ዓመት የተሠራውን መዓዛ ይሸፍነዋል። የበግ ጎድን በጨውና በጥብስ ቅጠል ብቻ ለብ ባለ እሳት ይጠበስ። ሚጥሚጣ አይቅረብ። በግና የጥብስ ቅጠል ከቦርዶ ወይን ጋር የሚስማሙት እዚያም ሀገር ነው፣ እዚህም። የተረፈው ወይን እስከ ማግስቱ ብቻ ነው፤ ለሌላ በዓል ተብሎ ተወትፎ አይቀመጥም።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ትልቅ የምሥራች ነው፤ ከአራቱ ደካማው እሱ ነበርና። ደክሞ ግን በሕይወት ካለ ሦስቱን በዚህ ዓመት ውስጥ ይጨርሷቸው። ሞቶ ከተገኘ ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ። ሁሉም ቡሽ አንድ አይደለም፤ አንድ ካርቶን ውስጥ የኖሩ ጠርሙሶች ይለያያሉ። ካልፈሰሱት ከፍታው ዝቅ ያለውን አንዱን ከፍተው ያረጋግጡ።

ምክሬ ይህ ነው። ቡሹ የወጣው አሁን ይከፈት። ሁለተኛው ለሰርግ አይጠበቅ፤ ጥቅምት ላይ ልጅዎ 21 ሲሞላት ከእርሷ ጋር ይከፈት። በተወለደችበት ሰሞን የተለቀመ ወይን ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቀን አይመጣለትም። ወንድምዎ በዚያን ሰሞን እዚህ ካሉ ይጥሯቸው። ሁለቱ ጥሩ ሆነው ከተገኙ የቀሩትን ሁለት እስከ 2023 ዓ.ም ድረስ ያቆዩ። ሰርጉ እስከዚያ ከደረሰ እሰየው። ካልደረሰ ይጠጣ። ሰርጉን ወይን ያድርሰው ብሎ ልጅቱን ማስቸኮል አይገባም፤ ወይኑንም ለማያውቀው ቀን ማስጠበቅ አይገባም።

ሰርጉ ከደረሰም በድንኳኑ ውስጥ አይክፈቱት። ከአንድ ጠርሙስ አተላው ተቀንሶ ስድስት ትንንሽ ብርጭቆ ቢወጣ ነው። ለእንግዳው ወጣት ወይን ይገዛል። ይህ ለቅልቅሉ ይቆይ፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ሲቀመጡ፣ ሙሽሮቹና ወላጆች ብቻ ይቅመሱት። ሁለት ቀን አስቀድሞ ጠርሙሱን የሚያቆም አንድ ሰው ከወዲሁ ይመደብ፤ በሰርግ ሰሞን ይህ ይረሳል። ካርቶኑንም ቁም ሳጥን ውስጥ ሲያስገቡ በእስክሪብቶ «እስከ 2023» ብለው ይጻፉበት።